ደሞዝ፣ ሱቅና ከወለድ ነፃ ባንክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወለድ ውስጥ መግባት የማይፈልግ፣ ሁለትም አምስትም ሠራተኛ ይዞ የሚሠራ ነጋዴ በሁለት በኩል ይወጠራል። ባንኩ «ዕቃ እንገዛልሃለን እንጂ ብር አንሰጥም» ይለዋል። ወር ሲሞላ ደግሞ ሠራተኛው ብር እንጂ ዕቃ አይቀበልም። እኔ የነጋዴ ሂሳብ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ከታች ያሉት በብዛት የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ናቸው። ፈትዋ (የሃይማኖት ብይን) አልሰጥም። የአገሪቱ ሕግ የሚለውንና የባንኮቹ አሠራር የቆመበትን የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መሠረት ግን እነግርዎታለሁ።

ለደሞዝ የሚሆን ብር ከወለድ ነፃ ባንክ አገኛለሁ?

በሙራባሃ አያገኙም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ሙራባሃ ሽያጭ ነው። ባንኩ እርስዎ የመረጡትን ዕቃ ከሻጩ ይገዛል፣ የራሱ ያደርገዋል፣ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮ ለእርስዎ በዱቤ ይሸጣል። ደሞዝ ላይ የሚገዛም የሚሸጥም ነገር የለም። የኪራይ ውዝፍና የግብር ዕዳም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እጅዎ ላይ ያለውን ብር ለደሞዝ ይያዙ፤ ዕቃውን በባንኩ ያስገዙ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ያለውን ጥሬ ብር ዕቃ ላይ ይጨርስና ወሩ ሲያልቅ ለደሞዝ ባንክ ይሮጣል። የባንኩ እጅ የሚያጥረው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ በተለየ ሂሳብ ቁጥር ያስቀምጡ ብዬ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በሙሻረካ ባንኩ ብር አዋጥቶ ሸሪክ ይሆናል፤ በሙዳራባ ገንዘቡን እሱ ያወጣል፣ ሥራውን እርስዎ ይሠራሉ። በእነዚህ የገባ ብር ከሥራው ወጪ ጋር ደሞዝም ሊከፍል ይችላል። ግን ትርፍና ኪሳራ ስለሚጋራ ባንኩ የእያንዳንዷን ቀን ሂሳብ ማየት ይፈልጋል። መዝገብ የሌለው ሱቅ እዚያ በር ላይ አይደርስም። ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ያለ ምንም ጭማሪ የሚመለስ ብድር፣ በወረቀት ላይ አለ። ለንግድ ደሞዝ ብሎ የሚሰጥ ባንክ ማግኘት ግን ዕድል ነው። እቁብ ግን ሁሌም አለ። ጭማሪም ቅናሽም የሌለው፣ ሁሉም የከፈለውን የሚወስድበት እቁብ በብዙ ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ዘንድ ችግር የለበትም። ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ በቅናሽ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብርን በሚበልጥ ብር መለወጥ ነው።

የማውቀው ሻጭ ፕሮፎርማ ይስጠኝ፣ ባንኩ ይክፈለው፣ ብሩን እኔ ልውሰድ። ምን አለበት?

ሁሉ ነገር አለበት። መርካቶ ውስጥ ይህን «ዘዴ» ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የተሸጠ ዕቃ ሳይኖር የሽያጭ ወረቀት ብቻ ካለ፣ የቀረው ብር በሚበልጥ ብር መበደር ነው። ከወለድ ልሽሽ ብለው ወለድ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ጨመሩበት ማለት ነው። በሕግም የሚያስጠይቅ ነው። ባንኩ መጋዘን ድረስ ሰው ልኮ ዕቃውን የሚያሳየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ። ሱቅዎ ውስጥ ያለውን የራስዎን ዕቃ ለባንክ ሸጠው መልሰው በዱቤ መግዛት። ይህ ዒና ይባላል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች አይቀበሉትም። ተወሩቅ ደግሞ ዕቃ በዱቤ ገዝቶ ለሦስተኛ ሰው በጥሬ ብር መሸጥ ነው። ነጋዴው ራሱ አድርጎት ሲሆን ብዙዎች ይፈቅዱታል። ባንክ አቀናብሮ የሚያዞረውን ግን ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃ ላይ ባደረገው ጉባኤ አይፈቀድም ብሎ ወስኗል።

ዞሮ ዞሮ ሙራባሃም ያው ወለድ አይደለም?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መጠየቁም ደግ ነው። በምሳሌ እንየው።

ዳቦ ቤት አለዎት እንበል። 600,000 ብር የሚያወጣ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ይፈልጋሉ። ከሻጩ ፕሮፎርማ ያመጣሉ። ባንኩ «ከገዛችሁት እገዛችኋለሁ» የሚል የቃል ኪዳን ወረቀት ያስፈርምዎታል። ይህ ገና ሽያጭ አይደለም። ከዚያ ባንኩ ለሻጩ 600,000 ይከፍላል፣ ማሽኑን ይረከባል። ከዚህ በኋላ ነው የሽያጭ ውል የሚፈረመው፦ ዋጋ 600,000፣ ትርፍ 120,000፣ ጠቅላላ 720,000፤ በ24 ወር፣ በወር 30,000 ብር።

አሁን ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ባንኩ በተረከበውና ለእርስዎ ባስረከበው መካከል ማሽኑ ቢቃጠል ወይም ከመኪና ቢወድቅ ኪሳራው የባንኩ ነው። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ቢዘገዩም፣ የብሔራዊ ባንክ ፖሊሲ ቢለወጥም፣ 720,000 ሆኖ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ሁሉ ነገር ነው። ባንኩ ያልያዘውን ማሽን ቀድሞ ከሸጠልዎ ሽያጩ ይበላሻል። ስለዚህ ሦስቱንም ወረቀት አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስፈርም መኮንን ካጋጠመዎት «ዕቃው አሁን የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ትርፉ ከሌላው ባንክ ወለድ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ እውነት ነው። አንዳንዴም ይበልጣል። ይህ ብቻውን ሐራም አያደርገውም፤ ነጋዴም ጎረቤቱ የሚሸጥበትን ዋጋ አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ግን ርካሽ ነው ብሎ የነገረዎት ካለ፣ እሱ ተሳስቷል።

ክፍያ ባዘገይ ምን ይመጣብኛል?

ዕዳው አያድግም። ብዙ ባንኮች በውሉ ውስጥ የመዘግየት ክፍያ ያስገባሉ፤ ያ ገንዘብ ግን የባንኩ ገቢ ሳይሆን ለበጎ አድራጎት የሚወጣ መሆን አለበት። በእውነት ከቸገረዎት ባንኩ ጊዜ ሊሰጥዎ ይችላል፤ ለተሰጠው ጊዜ ዋጋ መጨመር ግን አይችልም። እየቻሉ ካልከፈሉ ግን መያዣው ይሸጣል። ሸሪዓውም ችሎ የማይከፍልን ሰው በዳይ ነው የሚለው።

ቀድሜ ብጨርስ ይቀነስልኛል?

ባንኩ በራሱ ፈቃድ ሊቀንስ ይችላል። በውል ላይ «ይቀነስልሃል» ተብሎ ሊጻፍ ግን አይገባም። ስለዚህ ቀድመው በቃል ልማዳቸውን ይጠይቁ።

ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ወይስ የመደበኛ ባንክ መስኮት?

ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የፈቀደው መስኮት ብቻ ነበር። መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ለብቻው ይዘው ይሠራሉ እንጂ ራሱን የቻለ ባንክ ማቋቋም አይቻልም ነበር። የዘምዘም ባንክ አደራጆች ዓመታት የጠበቁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ መመሪያ ወጣና በሩ ተከፈተ። ዘምዘም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ተከተለ፤ ከዚያ ሸበሌና ረሚስ መጡ። ከመስኮቶቹ መካከል የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ኑር በቅርንጫፍ ብዛት ሩቅ ቦታ ድረስ ይገኛል።

መስኮቱ ገንዘቡንና መዝገቡን ከወለዱ ወገን ለይቶ መያዝ ግዴታው ነው። ልብዎ በዚህ የማይረጋ ከሆነ ሙሉ ባንክ ይሂዱ። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገርም አለ፦ ሱቅዎ ደሴ ሆኖ ቅርብ ያለው መስኮት ብቻ ከሆነ፣ ገቢዎን በየቀኑ የሚያስገቡበት ቅርንጫፍ ይበልጣል። ባንክ የሚያውቀው በስም ሳይሆን በሂሳብ እንቅስቃሴ ነው።

ሙስሊም ያልሆነ ነጋዴ መጠቀም ይችላል?

ይችላል። ሃይማኖት የሚጠይቅ ቅጽ የለም።

ባንኩ ምን ይጠይቀኛል?

የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ የግብር ክሊራንስ፣ የሂሳብ እንቅስቃሴ፣ የሻጩ ፕሮፎርማ፣ መያዣ። ወረቀቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ እንቅስቃሴው ነው። ሽያጩን በእጁ የሚያዞር፣ ለአቅራቢው ጥሬ ብር የሚከፍል፣ ባንክ የሚሄደው ገንዘብ ሲፈልግ ብቻ የሆነ ነጋዴ ለባንኩ እንግዳ ሰው ነው። ለስድስት ወር ገቢዎን በሙሉ በአንድ ሂሳብ ያስገቡ። ደሞዝም ከዚያው በሠራተኛው ሂሳብ ይክፈሉ። በየወሩ በቀኑ የሚወጣ ደሞዝ ለገምጋሚው ብዙ ይነግረዋል፦ ሥራ አለ፣ ሰው አለ፣ ሥርዓት አለ።

መያዣን በተመለከተ ቤት የሌለው ሁሉ ተስፋ አይቁረጥ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ከብት ጭምር ተመዝግቦ በመያዣነት መቅረብ ይችላል። ባንኮቹ አሁንም ቤትና መኪና ይወዳሉ። ቢሆንም መጠየቅ መብትዎ ነው።

«ጸድቋል፣ ግን ይጠብቁ» ቢሉዎት ሁሌ ሰበብ አይምሰልዎት። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ ጣሪያው ኋላ ላይ ከፍ ብሏል። በጀት ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ወረፋው የሚረዝመው በዚህም ጭምር ነው። ማመልከቻዎን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢያስገቡ ይሻላል።

ሠራተኛዬን በደሞዝ ፈንታ በትርፍ ድርሻ ማሠራት እችላለሁ?

ሁለቱን አይደባልቁ። በፊቅህ ሰው መቅጠር ኢጃራ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ክፍያው ከመነሻው ቁርጥ ይሁን ይላሉ። «ሥራ፣ ኋላ እንተያያለን» የሚለው የተለመደ ንግግር እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። በሙዳራባ ከሆነ ሰውየው ሸሪክ ነው። ትርፍ ከሌለ ምንም አያገኝም፤ ኪሳራ ከመጣ ደግሞ የብሩ ኪሳራ የእርስዎ ነው፣ የእሱ ድካሙ ብቻ ይቀራል። በሰዓት ገብቶ በሰዓት የሚወጣ፣ እርስዎ የሚያዙትን ሰው ሸሪክ ብለው ቢጠሩት ግን የሥራ ክርክር ችሎት የሚያየው ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው።

የሚሠራው መንገድ ቁርጥ ደሞዝ፣ ከላዩ በሽያጭ ኮሚሽን ወይም በዓመት መጨረሻ ጉርሻ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ኮሚሽንና ቦነስ ደሞዝ ተብለው አይቆጠሩም። አንዳንድ አሠሪ ይህን አውቆ ደሞዙን በጣም ያሳንስና ሁሉንም ኮሚሽን ያደርገዋል። ሕጉ ቀዳዳ ቢሰጥም ሰውየው ታሞ ሲተኛ በምን እንደሚኖር አስቡበት እላለሁ።

በቃል ተስማምተን ብንሠራ ችግር አለው?

ውሉ በቃል ቢሆንም ይጸናል። ግን በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን ጽፈው፣ ፈርመው ለሠራተኛው መስጠት ግዴታዎ ነው። የሙከራ ጊዜው ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ይህም በጽሑፍ መሆን አለበት። ለገንዘብ ጉዳይ ጻፉ የሚለው ትዕዛዝ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ውስጥ ነው ያለው። ከዘመድ ጋር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጻፉ። የወንድም ልጅን ያህል በቃል ውል የሚያጣላ የለም።

8,000 ብር ደሞዝ ብለን ከተስማማን ስንት ይደርሰዋል?

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ስሌት ግብሩ 1,150 ብር ነው። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 560 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 6,290 ይሆናል። እርስዎ ደግሞ 11 በመቶ፣ 880 ብር፣ ከራስዎ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ለእርስዎ ወጪው 8,880 ነው። ጭቅጭቅ የሚነሳው «8,000» ሲባል የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ስለማይነገር ነው። ሲቀጥሩ ሁለቱንም ቁጥር ይንገሩት። ከሠራተኛው ቆርጠው ለመንግሥት ያላስገቡት ብር የሰው ሐቅ ነው፤ ባንክ ያለ ወለድ ስለተጠቀሙ ብቻ ገንዘብዎ አይጠራም።

ዕቃ ቢጎድል ከደሞዙ ልቁረጥ?

በራስዎ ውሳኔ ብቻ አይችሉም። ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ወይም በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ አለዚያም በፍርድ ቤት ካልታዘዘ በቀር መቁረጥ ክልክል ነው። በሚፈቀድበትም ጊዜ ከወር ደሞዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። ብድር ሰጥተውት እያስመለሱም ቢሆን ያው ነው። በፊቅህም የሠራተኛ እጅ የአማና (የአደራ) እጅ ነው። ቸል ካላለ ወይም ካላጠፋ ለጠፋው አይጠየቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራ ያድርጉ። ማን ተረከበ፣ ማን ፈረመ? ቆጠራ ሳይደረግ ለተከፈተ ሱቅ ጉድለቱን በማን ላይ ሊጥሉ ነው?

ለሠራተኛ የሰጡትን ብድር በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። «እስክትከፍለኝ ድረስ ሌላ ቦታ አትቀጠርም» ወይም «እሁድ እሁድ በነፃ ትሠራልኛለህ» ማለት በብድር ላይ ጥቅም መጠየቅ ነው። ሪባ (ወለድ) ማለት ያ ነው፤ ባንክ ቤት ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ጁምዓና ረመዳን ላይ ምን ግዴታ አለብኝ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለ ጁምዓ የተለየ ነገር አይልም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ብዙ የግል ድርጅትም ይህንኑ ይከተላል። በተራ እየተቀያየሩ ሱቁን ክፍት ማድረግ ይቻላል፤ ሙስሊም ያልሆነ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል። የእሱን በዓል ቀን እርስዎ ይሸፍኑለታል።

ረመዳን ላይ ዳቦ ቤቱም ምግብ ቤቱም ሌሊት ነው የሚሠራው። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ የተሠራው ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የሳምንት ዕረፍት ቀን ላይ በ2፣ በኢድ ቀን ወይም በሌላ ሕዝባዊ በዓል በ2.5። የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። «ለአላህ ብለህ አግዘኝ» የሚል ክፍያ አዋጁ ውስጥ የለም። ደሞዙን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን ሐዲስ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የእኔን እምነት ተከታይ ብቻ ልቅጠር?

አይቻልም። በሃይማኖት ለይቶ ማዳላት በአዋጁ ተከልክሏል።

ሳላውቅ በመደበኛ ሂሳብ ወለድ ተጠራቅሞልኛል። ምን ላድርገው?

አብዛኞቹ ዑለማዎች ባንክ ውስጥ ከመተው አውጥቶ ለችግረኛ ወይም ለሕዝብ ጥቅም መስጠት ይሻላል ይላሉ፤ አጅር (የአላህ ምንዳ) ሳይጠብቁበት። ለሠራተኛ ደሞዝ ማድረግ ግን አይሆንም። ደሞዝ የእርስዎ ዕዳ ነው። ዕዳዎን ከከፈሉበት ተጠቀሙበት ማለት ነው። ሂሳቡንም ወዲያው ወደ ወዲዓ ወይም ሙዳራባ ያስቀይሩ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ትርፍ የለውም፣ በፈለጉ ሰዓት ያወጣሉ። ለደሞዝ የሚቀመጠው ብር ለእሱ ይስማማል።

የሱቄን ዘካ እንዴት ላስላ?

ሐውል (አንድ የጨረቃ ዓመት) ሲሞላ ለሽያጭ ያለውን ዕቃ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይቁጠሩ። መደርደሪያ፣ ፍሪጅ፣ ሚዛን አይገቡም። ጥሬ ብሩንና ይሰበሰባል ብለው የሚያምኑትን ዱቤ ይደምሩ፤ መከፈያው የደረሰ ዕዳ ይቀንሱ፤ ያልተከፈለ ደሞዝ ካለ እሱም ዕዳ ነው። ለምሳሌ ዕቃ 3,000,000፣ ጥሬ ብር 400,000፣ ዱቤ 300,000፣ ዕዳ 700,000 ቢሆን የቀረው 3,000,000 ነው፤ 2.5 በመቶው 75,000 ብር። ኒሳቡ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ነው። ወርቅ በጣም ስለተወደደ የዕለቱን ዋጋ አይተው ያስሉ። ለድሃ ይበጃል ብለው በብር ማዕድን፣ በ595 ግራም፣ የሚያሰሉም አሉ። ገና ያልደረሱ የሙራባሃ ክፍያዎችን መቀነስ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉና የሚያምኑትን ሼኽ ይጠይቁ።

ከዚያ ዘካ ላይ ለቸገረው ሠራተኛዬ መስጠት እችላለሁ?

ዘካ የሚገባው ሰው ከሆነ ይችላሉ። ግን በደሞዝ፣ በትርፍ ሰዓት ወይም ቃል በገቡለት ጉርሻ ፈንታ አይሆንም። እንዳይለቅብዎት ለማሰር ወይም ይበልጥ እንዲሠራ ለማትጋትም አይሆንም። ከደሞዝ ቀን አርቀው፣ ለብቻው ይስጡት፤ የደሞዝ መክፈያ ሊስት ላይም አያስገቡት።